ስለ ደሙ ብዛት አንጣላ፦ ለበቀል ዌስተርን ተመልካቾች ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ የበቀል ዌስተርን ለምታዩ ሁሉ፤ ለምትወዱትም፣ ለምትጠየፉትም።

እንደምን ሰነበታችሁ?

ደም የበዛበት የካውቦይ ፊልም በወጣ ቁጥር የምትገጥሙትን ክርክር እከታተላለሁ። ሁሌም አንድ ዓይነት ነው። ግማሻችሁ «አንጀቴን አራሰው» ትላላችሁ። ግማሻችሁ ደግሞ «ይሄ ፊልም አይደለም፣ እርድ ነው» ብላችሁ ትነሳላችሁ። የመጀመሪያው ወገን ሁለተኛውን ልፍስፍስ ይለዋል። ሁለተኛው የመጀመሪያውን «ጤና የለህም» ይለዋል። መሀል ላይ ሦስተኛ ወገን ብቅ ይልና «ዘመኑ እኮ እንደዚያ ነበር፤ ፊልሙ ምን ያድርግ?» ብሎ ሊገላግል ይሞክራል።

የምጽፈው ለሦስታችሁም ነው። ሦስታችሁም የያዛችሁት አንድ ነገር ነውና፤ የደሙን ብዛት። ስንት ሰው ወደቀ? ጥይቱ ሲገባ ታየ ወይስ ተሸፈነ? በዛ ወይስ ልክ ነው? እኔ ግን ጥያቄው እዚያ ጋ አይመስለኝም። ዋናው ነገር የሚያልቀው ደሙ ከመፍሰሱ በፊት ነው። ፊልሙ ገና ሲጀምር አንድ ወረቀት ያስፈርመናል፤ የግድያ ፈቃድ። ከዚያ በኋላ የሚወድቀው ሁሉ የሚወድቀው በእኛ ፊርማ ነው። ስለዚህ መመርመር ያለብን የፈረምነውን ነው።

አካሄዱን ታውቁታላችሁ። ሰፊ ሜዳ። ብቻዋን የቆመች የእንጨት ቤት። ሚስት ልብስ ታሰጣለች፣ ልጅ ዶሮ ያባርራል። ከሩቅ አቧራ ይነሳል፤ ፈረሰኞች ናቸው። ከዚህ በኋላ ያለውን ለመናገር ፊልሙን ማየት አያስፈልግም። ሚስት ትሞታለች፤ ብዙ ጊዜ ከመሞቷ በፊት ትደፈራለች። ልጁም ይሞታል። አክተሩን ሞቷል ብለው ጥለውት ይሄዳሉ። አክተር ደግሞ አይሞትም። ሬሳውን ይቀብራል፣ ትቶት የነበረውን ሽጉጥ ካስቀመጠበት ያወጣል፣ ፈረሱን ይጭናል። የቀረው አንድ ሰዓት ተኩል ቆጠራ ነው። ተራው ወሮበላ መጀመሪያ፣ አለቃው መጨረሻ።

እስቲ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ስለ ሟቿ ምን ታውቃላችሁ? ምን ያስቃት ነበር? ከባሏ ጋር በምን ትጣላ ነበር? ስሟስ ማን ነበር? የገዳዩን ጠባሳ፣ የባርኔጣውን ቀለም፣ ትምባሆ የሚተፋበትን መንገድ ሳይቀር እናስታውሳለን። የእሷን ስም ግን ፊልሙ ባለቀ በሰዓቱ እንረሳዋለን። ጥፋቱ የእኛ ብቻ አይደለም። ጸሐፊው እሷን ሰው አድርጎ አልጻፋትም። ሰበብ አድርጎ ነው የጻፋት። ትንሽ ሰው ብትሆን ኖሮ ታሪኩ ስለ እሷ ይሆንና ቆጠራው ይዘገያል።

ልጁስ ለምን ይሞታል? ለዚህ አንድ ጥናት ጥሩ መልስ አለው። ዶልፍ ዚልማንና ጄኒንግስ ብራያንት የተባሉ ተመራማሪዎች በ1975 ያሳተሙት ነው (በዚህ ደብዳቤ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ለልጆች ተረት አሳዩ። ተረቱ ውስጥ ክፉው ሰው በመጨረሻ ይቀጣል፤ ግን ቅጣቱ በሦስት ዓይነት ተዘጋጅቷል፤ ከጥፋቱ ያነሰ፣ የተመጣጠነ፣ ከልክ ያለፈ። የሰባትና የስምንት ዓመት ልጆች ይበልጥ የወደዱት የተመጣጠነውን ነው። የአራት ዓመቶቹ ግን ቅጣቱ በከበደ ቁጥር ደስታቸው ጨመረ።

የበቀል ዌስተርን ጸሐፊ ይህንን ጥናት ባያነበውም ሥራውን ያውቃል። አዳራሹ ውስጥ የተቀመጠው ትልቅ ሰው ነው፤ ሚዛን አለው። ፈረስ ተሰርቆበት ሃያ ሰው የሚገድል አክተር ያስተዛዝባል። ስለዚህ ሚዛኑ የሚስተካከለው ከመነሻው ነው። በደሉን አክብደው፣ ከዚያም ጨምርበት። ሃያ ሬሳ የሚያስፈልግህ ከሆነ መጀመሪያ ላይ ሕፃን ግደል። በኋላ የምናየው ጭካኔ «ልክ» የሚመስለን ለዚህ ነው። ሚዛናችን አልተበላሸም፤ ሌላው ወገን ላይ አስቀድሞ ድንጋይ ተጭኖበታል።

የሚገርመው፣ ይህ ፈቃድ በአንድ ወቅት በጽሑፍ የሰፈረ መመሪያ ነበር። ሆሊውድ በ1930 ራሱን የሚገዛበት ደንብ ተቀበለ። ያረቀቁት ዳንኤል ሎርድ የተባሉ የኢየሱሳውያን ቄስና ማርቲን ክዊግሊ የተባለ አሳታሚ ናቸው። ከ1934 ጀምሮ ደንቡ በጥብቅ ተሠራበት። ስለ ግድያ በሚናገረው ክፍል በአሁኑ ዘመን የሚፈጸም በቀል ትክክል ሆኖ መቅረብ እንደሌለበት ይደነግጋል። «በአሁኑ ዘመን» የምትለዋን ልብ በሉ። ማብራሪያው ደግሞ በሩን ወለል አድርጎ ይከፍተዋል፤ ሥልጣኔ ባልዳበረበት አገርና ዘመን፣ በተለይም በደሉን የሚዳኝ ሕግ በሌለበት ቦታ፣ በቀል አንዳንድ ጊዜ ሊታይ ይችላል ይላል።

ሕግ የሌለበት ቦታ! ዌስተርን ማለት ይኸው አይደል? ሸሪፉ ወይ ፈሪ ነው ወይ የተገዛ ነው። ዳኛው ሰካራም ነው። የቅርቡ ፍርድ ቤት የሦስት ቀን የፈረስ መንገድ ይርቃል። ደንቡ በ1968 ተሽሮ በዕድሜ ደረጃ ተተክቷል። ሰበቡ ግን እስከ ዛሬ አለ። ዛሬም የበቀል ታሪክ ለመጻፍ የፈለገ ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው ሕጉን ከከተማው ማስወጣት ነው።

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ፤ «ደሙ በዛ» ወደምትሉት። ቅሬታችሁ ይገባኛል። ግን የደም ልኬት ሲቆይ የሚቀልል ነገር ነው። የሰርጆ ኮርቡቺ «ጃንጎ» በ1966 የወጣ የጣልያን ዌስተርን ነው። የእንግሊዝ የፊልም ቦርድ በጭካኔው ምክንያት ፈቃድ ከለከለው። እስከ 1993 ድረስም አልፈቀደም። ሲፈቅድ ለ18 ዓመት ብሎ ነበር፤ በ2004 ወደ 15 አወረደው። ፊልሙ ያው ነው። የተለወጠው የተመልካቹ ዓይን ነው። ስለዚህ ዛሬ ያንገሸገሻችሁን ነገር የዛሬ ሠላሳ ዓመት አንድ ጎረምሳ እያዛጋ ሊያየው ይችላል። በደም ብዛት የሚለካ ክስ ዕድሜ የለውም።

ከዚህ የባሰም አለ። ደም ማብዛት ተመልካቹን ያስጠላዋል ብሎ ያመነ ትልቅ ዳይሬክተር ነበር። ሳም ፔኪንፓ በ1969 «ዘ ዋይልድ በንች»ን ሲሠራ የጥይትን አስቀያሚነት ፊት ለፊት ላሳያችሁ ብሎ ነው። ጊዜው የቬትናም ጦርነት በየቤቱ በቴሌቪዥን የሚታይበት ነው። በብዙ ካሜራ፣ በተለያየ ፍጥነት ቀረጸው። ሰው ሲወድቅ ጊዜው ይለጠጣል። ፊልሙ ከመውጣቱ በፊት ካንሳስ ሲቲ ላይ ለሙከራ ሲታይ አዳራሹን ጥለው የወጡ ነበሩ። ሌላው ተመልካች ግን ተደሰተ። ጮኸ። ዳይሬክተሩ በኋላ ይህ ነገር ከንክኖታል። አስጠላቸዋለሁ ያለው ነገር አማራቸው።

ለምን አማራቸው? የዘገየው ቀረጻ ውበት ስላለው ነው የሚሉ አሉ። እሱም አለበት። ግን ከመጨረሻው ተኩስ በፊት ያለውን አስታውሱ። የአራቱን ባለታሪኮች ጓደኛ ዓይናቸው እያየ አንገቱን ይቆርጡታል። አራቱ ሰዎች ወንበዴዎች ናቸው፤ ፊልሙ ሲጀምር የባቡር ኩባንያ ቢሮ ሲዘርፉ መንገደኛ ያስጨረሱ ናቸው። ያም ሆኖ ያቺ አንዲት ቢላ ሁሉንም አስረሳችን። ፈረምን። ከዚያ ወዲያ የቱንም ያህል ደም ቢፈስ የሚያስጠላ ሳይሆን የሚያረካ ሆነ። ለዚህ ነው «ደሙ ይቀነስ» ማለት ብዙ የማይረዳው። ደሙ ቀንሶ ፊርማው ከቀጠለ ያው ነን።

«ዘመኑ እንደዚያ ነበር» የምትሉት ደግሞ፣ ከእናንተ ጋር ትንሽ መነጋገር አለብን።

ሮበርት ዳይክስትራ የተባለ የታሪክ ምሁር በ1968 ባወጣው ጥናት አምስት ስመ ጥር የካንሳስ የከብት ንግድ ከተሞችን ወስዶ መዝገባቸውን ፈተሸ። ዶጅ ሲቲ፣ አቢሊን፣ ዊቺታ፣ ኤልስዎርዝና ካልድዌል። ከ1870 እስከ 1885 ባለው ጊዜ በአምስቱም ከተሞች በድምሩ ያገኘው 45 ግድያ ነው። ይህን ቁጥር አንዳንድ ዌስተርኖች በአንድ ከሰዓት በኋላ ይጨርሱታል። እርግጥ ነው ከተሞቹ ትንንሽ ስለነበሩ ከሕዝባቸው አንጻር 45 ቀላል አይደለም ብለው የሞገቱ ምሁራንም አሉ። ክርክሩ ተገቢ ነው። ግን በየመንገዱ ሬሳ የሚወድቅበት ከተማ ከዚህ መዝገብ አይወጣም።

ሕግ አልነበረም የሚለውም እንዲሁ ነው። በጣም የታወቀውን ተኩስ ውሰዱ። ቱምስቶን የምትባል የአሪዞና ከተማ፣ ኦ ኬ ኮራል የሚባል የፈረስ በረት አጠገብ፣ ጥቅምት 26 ቀን 1881። ሠላሳ ሰከንድ ያህል የፈጀ ተኩስ ነው፤ ሦስት ሰው ሞተ። የተነሳውስ በምን ነበር? ከተማ ውስጥ መሣሪያ መያዝ ክልክል ስለነበረ ነው። የከተማው ደንብ ይከለክላል። የከተማው ፖሊስ አዛዥ ቨርጂል ኧርፕ ወንድሞቹን ይዞ የሄደው ትጥቅ አስፈታለሁ ብሎ ነው። ከተኩሱ በኋላ ደግሞ እነ ኧርፕ ራሳቸው ተከሰው አንድ ወር ያህል ምስክር ተሰማባቸው፤ ለክስ የሚያበቃ ነገር የለም ተብለው ተለቀቁ። መሣሪያ የሚከለክል ደንብ፣ ክስ፣ ምስክር፣ ዳኛ። ሁሉም ነበር።

በቀሉም ነበር፤ አልክድም። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ላይ ቨርጂል በጨለማ ተተኩሶበት ክንዱ ዋጋ አጣ። መጋቢት 1882 ሌላው ወንድም ሞርጋን ቢሊያርድ ሲጫወት ተገደለ። ወንድማቸው ዋያት ኧርፕ ሰዎች አሰባስቦ የጠረጠራቸውን ማደን ጀመረ። ሕጉ ቦታ ቢስ ነው ማለቱ ነበር። የሚገርመው ግን ይህን ሲያደርግ ደረቱ ላይ የመንግሥት ባጅ አለ። ብዙም ሳይቆይ ራሱ በግድያ የሚፈለግ ሰው ሆነ። የእስር ማዘዣ ወጣበትና ከአሪዞና ወጥቶ ሄደ። ከዚያስ? ኖረ። ቁማር ተጫወተ፣ ወርቅ ፈለገ፣ ከተማ ለከተማ ዞረ። በ1929 ሎስ አንጀለስ ውስጥ በ80 ዓመቱ አልጋው ላይ ሞተ። ፊልሞቹ ይህንን ክፍል ብዙም አይወዱትም። አርባ ሰባት ዓመት ሙሉ በቀሉን ይዞ የኖረ ሰው ምኑ ይቀረጻል?

የእኔ ተወዳጅ ታሪክ ግን የሂዩ ግላስ ነው። በ2015 የወጣውን «ዘ ሬቨናንት» አብዛኞቻችሁ አይታችሁታል። ዳይሬክተሩ አሌካንድሮ ኢንያሪቱ ነው፤ ሊዮናርዶ ዲካፕሪዮ ኦስካር ያገኘበት ነው። ድብ ይቦጫጭቀዋል። አብረውት የቀሩት ሰዎች ጥለውት ይሄዳሉ። ከመሄዳቸው በፊት ግን አንዱ ልጁን ዓይኑ እያየ ይገድልበታል። ከዚያ በኋላ ያለው በረዶ፣ ደምና በቀል ነው።

ግላስ በእርግጥ የነበረ ሰው ነው። በ1823 በዛሬዋ ሳውዝ ዳኮታ አካባቢ ድብ ያዘው። ከሱ ጋር የቀሩት ሁለት ሰዎች ናቸው፤ ጆን ፊትዝጄራልድና አንድ ወጣት። ወጣቱ በኋላ ስመ ጥር የሆነው ጂም ብሪጀር እንደሆነ ይታመናል። ጠመንጃውን ወስደው ጥለውት ሄዱ። ግላስ እየዳኸም እየተጎተተም በሚዙሪ ወንዝ ዳር እስከሚገኘው ፎርት ካዮዋ ድረስ ተጓዘ። ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። እስከዚህ ድረስ ፊልሙና ታሪኩ ይቀራረባሉ።

ግን ተገደለበት የተባለው ልጅ በታሪኩ መረጃ ውስጥ የለም። ፊልሙ ነው የሰጠው። ለምን እንደሰጠው አሁን ታውቃላችሁ። ሰው ጠመንጃዬን ወሰዱብኝ፣ ለሞት ጥለውኝ ሄዱ ብሎ አገር ቢያቋርጥ እናዝንለታለን እንጂ ግደል ብለን አንፈርምለትም። ልጁ የገባው ለፊርማው ነው።

መጨረሻውስ? ግላስ ወጣቱን አገኘው። ልጅ ነው ብሎ ማረው። ፊትዝጄራልድንም ተከታትሎ ደረሰበት። ሰውየው ግን ወታደር ሆኖ ፎርት አትኪንሰን ውስጥ ነበር። ወታደር መግደል ደግሞ የሚያስከትለው ይታወቃል። እንደሚተረከው ግላስ ጠመንጃውን ተቀብሎ ሄደ። አለቀ። ግላስ ራሱ ስለዚህ ነገር የጻፈው ስለሌለ ዝርዝሩን የምናውቀው ሌሎች ከጻፉት ነው፤ ግን ከተራኪዎቹ አንዱም ገደለው አይልም።

ልብ በሉ፤ ሁሉንም ይቅርታ አላልኩትም። ግማሹ ምሕረት ነው፣ ግማሹ ሕግን መፍራት ነው። ለእኔ ታሪኩን ትልቅ ያደረገው ይኼው ነው። ያን ሁሉ መንገድ በቁጭት የመጣ ሰው፣ የሚጠላው ሰው ፊት ቆሞ፣ «ጠመንጃዬን» ሲል። እስቲ ጎበዝ አክተር ይሥራውና እንየው። አሥር ጊዜ ከሚተኮስበት ትዕይንት ይልቅ እኔ ለዚህ ትኬት እገዛለሁ። ፊልሙም ቢሆን በመጨረሻ ሰዓት ትንሽ አመንትቷል፤ አክተሩ በቀል የእግዚአብሔር ነው ብሎ ሰውየውን ለሌሎች አሳልፎ ይሰጠዋል። ሰውየው ግን ይሞታል። ፊርማችን ሜዳ ላይ አልቀረም።

«ቢገድለው ኖሮ ግን ይወጣለት ነበር» የምትሉ አላችሁ። ይህም ተፈትኗል። ኬቨን ካርልስሚዝ፣ ቲሞቲ ዊልሰንና ዳንኤል ጊልበርት በ2008 ባሳተሙት ጥናት ሰዎችን የገንዘብ ጨዋታ አጫወቱ። አንዱ ተጫዋች «ሁላችንም እናዋጣ» ብሎ ሌሎቹን አሳምኖ ራሱ ይከዳል። ለተወሰኑት ከሃዲውን የመቅጣት ዕድል ተሰጣቸው፤ ለሌሎቹ አልተሰጠም። ዕድሉን ያላገኙት «ብንቀጣው ደስ ይለን ነበር» አሉ። የቀጡት ግን ካልቀጡት የባሰ ተከፍተው ተገኙ። ምክንያቱ ደግሞ ቀላል ነው። የቀጡት ሰዎች ስለ ሰውየው ማሰብ አላቆሙም። ያልቀጡት ረስተውት ወደ ሌላ ሄዱ።

በእርግጥ የገንዘብ ጨዋታና የልጅ ሞት አንድ አይደሉም። ግን የዌስተርኑን መጨረሻ አስቡ። አለቃው ወደቀ። አክተሩ ሽጉጡን መለሰ። ሙዚቃ። ጽሑፉ መውጣት ጀመረ። ፊልሙ የሚያልቀው ልክ ያ መከፋት ሊጀምር ሲል ነው። «አንጀቴን አራሰው» ብላችሁ የምትወጡት ነገን ስላላያችሁ ነው።

ነገን ካሳዩት ጥቂት ፊልሞች አንዱ በ1992 የወጣው የክሊንት ኢስትዉድ «አንፎርጊቭን» ነው። አራት ኦስካር አግኝቷል። እኔን የገረመኝ ግን ሽልማቱ አይደለም። የፈቃዱን ወረቀት ራሱን ገልጦ ያሳየናል። አንድ ከብት ጠባቂ የአንዲትን ሴተኛ አዳሪ ፊት በቢላ ይተለትላል። ሸሪፉ ቅጣቱን በፈረስ ያደርገዋል፤ ፈረሶቹም ለእሷ ሳይሆን ለቤቱ ባለቤት ነው የሚሰጡት። ሴቶቹ ተቆጥተው ገንዘብ አዋጥተው ገዳይ ያስፈልጉ ጀመር። ወሬው መንገድ ላይ ሲሄድ ግን ያድጋል። ዓይኗን አወጡት ይባላል። ጆሮዋን ቆረጡት ይባላል። እያንዳንዱ ተናጋሪ ትንሽ ይጨምርበታል፤ ምክንያቱም ግድያው ትልቅ ስለሆነ በደሉም ማደግ አለበት። በኋላ ሴትዮዋን ስናያት ፊቷ ላይ ጠባሳ አላት። ዓይኗም ጆሮዋም ቦታው ላይ ነው።

መጀመሪያ የሚገደለው ደግሞ ዋናው አጥፊ አይደለም። ጓደኛው ነው፤ ለእሷ ብሎ ፈረስ ካሳ ይዞ መጥቶ የነበረው። ሆዱን ተመትቶ ድንጋይ ስር ወድቆ ውኃ ይለምናል። ቀስ እያለ ይሞታል። እዚያ ጋ አዳራሹ ውስጥ «እሰይ» የሚል የለም። ከዚያ በፊት ስለ ገዳይነቱ ሲጎርር የነበረው ወጣትም ሁለተኛውን ሰው መጸዳጃ ቤት ውስጥ ተቀምጦ ሳለ ይገድለዋል፤ ከዚያ ቁጭ ብሎ ያለቅሳል። ሽጉጡንም አልፈልግም ብሎ ይመልሳል።

በዚህ ቢያልቅ ነገሬ ሁሉ ቀላል በሆነ። አላለቀም። የአክተሩ ጓደኛ ተገርፎ ይሞታል፤ ሬሳው በር ላይ ይቆማል። አክተሩ ዝናብ እየዘነበ ወደ ከተማው ይመለሳል። እና እኛ፣ ያን ሁሉ ያየን፣ ውኃ የለመነውን ልጅ የሰማን ሰዎች፣ ወንበራችን ጫፍ ላይ ተቀምጠን «በላቸው!» እንላለን። እኔም እላለሁ። ፊልሙ ወረቀቱ የውሸት ሊሆን እንደሚችል ነግሮን ሲያበቃ እንደገና አቀረበልን፤ እንደገና ፈረምን። እውቀት እጃችንን አልያዘንም። ይህን ስል ማወቅ ዋጋ የለውም ማለቴ አይደለም። በመጀመሪያው ፊርማና በሁለተኛው መካከል ግን ልዩነት አለ፤ ሁለተኛውን የፈረምነው እያወቅን ነው።

«ሁሉም በቀል አንድ ነው እንዴ?» የምትሉኝ ትኖራላችሁ። አይደለም። የክዌንቲን ታራንቲኖ «ጃንጎ አንቼይንድ» በ2012 ሲወጣ የተነሳውን አስታውሱ። ታሪኩ ከባርነት ስለወጣ ጥቁር ሰው በቀል ነው፤ የሚጀምረውም በ1858 ነው። ከዚያ አንድ ዓመት በፊት፣ በ1857፣ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በድሬድ ስኮት ጉዳይ ጥቁሮች ዜጋ ሊሆኑ አይችሉም ብሎ ወስኗል። እዚህ ጋ ሕጉን ከከተማው ያስወጣው ደራሲው አይደለም። ሕጉ ነበረ፤ ግን ከጌታው ጋር ነበር። ለዚህ ሰው «ፍርድ ቤት ሂድ» ማለት ቀልድ ነው። በእርካታ ያጨበጨቡ ጥቁር ተመልካቾች ነበሩ። በሌላ በኩል ዳይሬክተሩ ስፓይክ ሊ የአያቶቼን ክብር ይነካል፣ አላየውም ብሏል። ሁለቱም ወገን ስለ ደሙ ብዛት አልነበረም የሚያወራው። የማን ስቃይ ለምን መዝናኛ ዋለ የሚል ክርክር ነበር። እንዲህ ያለውን ክርክር ነው የናፈቅኩት።

ብዙ ዌስተርኖች ላይ ያለው ግን ተቃራኒው ነው። ነባሩ የአሜሪካ ሕዝብና ሜክሲኮአዊው ስም ሳይኖራቸው በገፍ ይወድቃሉ፤ ለእነሱ የሚበቀል አክተር የለም። ነጩ ቤተሰብ ሲሞት ብቻ ፊልሙ ይጀምራል። በዚህ ላይ ብዙ መጻፍ ይቻላል፤ ለሌላ ቀን ይቆየን።

እንግዲህ የምለምናችሁ ጥቂት ነው። «አንጀቴን አራሰው» የምትሉ፣ በሉ፤ ማንም አይከልክላችሁ። ግን ስለ ፊልሙ ስትነግሩን ከመጨረሻው ተኩስ አትጀምሩ። የመጀመሪያዋ ሟች ማን እንደነበረች ንገሩን። የምትነግሩን ካጣችሁ፣ ፊልሙ ያንን አልሰጣችሁም ማለት ነው፤ እሱን ጻፉ። «ደሙ በዛ» የምትሉ ደግሞ ሬሳ መቁጠሩን ተዉትና የትኛው ሬሳ እንዳስለቀሳችሁ፣ የትኛው እንዳሳቃችሁ ጻፉልን። «ዘመኑ እንደዚያ ነበር» የምትሉ፣ የዋያት ኧርፕን አርባ ሰባት ዓመት እስቲ አንብቡት።

ደረጃ የምትመድቡ ቦርዶችም ይህ ከደረሳችሁ አንድ ቃል አለኝ። አሜሪካ ውስጥ ከ1990 ጀምሮ ለከባዶቹ ፊልሞች ደረጃው ለምን እንደተሰጠ በአጭሩ ይጻፋል፤ ከባድ ደም አፋሳሽ ጥቃት፣ ጸያፍ ቃል፣ እርቃን። ጥሩ ነው። ግን ወላጅን የሚረዳው የደሙን መጠን ማወቅ ብቻ አይደለም። ገዳዩ በመጨረሻ ተጨብጭቦለት ይሄዳል ወይስ ከሠራው ጋር ይቀራል? እሱንም በአንድ መስመር ጻፉልን።

ከልጆቻችሁ ጋር ለምታዩትም እንዲሁ። ዓይኑን በእጃችሁ ከመሸፈን ይልቅ፣ ጽሑፉ መውጣት ሲጀምር ቴሌቪዥኑን ሳትዘጉ «ይሄ ሰውዬ ነገ ጠዋት ተነስቶ ምን የሚያደርግ ይመስልሃል?» ብላችሁ ጠይቁት። የሚመልስላችሁን ብትጽፉልኝ ደስ ይለኛል።

አክባሪያችሁ፣
አንድ የዌስተርን ተመልካች